ቀሪ አንድ

ይህን የምጽፍላችሁ ከማሸጊያው አዳራሽ ጀርባ ካለችው የካርቶን ክፍል ውስጥ፣ መሬት ላይ ተቀምጬ ነው። ሰዓቱ ከቀኑ ለስምንት አስር ጉዳይ ነው።

ጨለማ የለም። ዝናብ የለም። በጠባቧ መስኮት የሚገባው ፀሐይ ዓይኔን እየወጋኝ ነው።

የመቁጠሪያው ማሽን ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ይቆማል። ያለኝ ጊዜ ሃያ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው...

«እውነተኛ ታሪክ ነው» ብዬ አልምልላችሁም። እዚህ ቻናል ላይ የሚምለውን ሁሉ አንብቤዋለሁ፤ ግማሹ ቀጣፊ ነው። እኔን አትመኑኝ። ቁጥሩን ግን ራሳችሁ ሞክሩት።

ወረቀት አውጡና 720,721 ብላችሁ ጻፉ።

ለሁለት አካፍሉት። አንድ ይቀራል።

ለሦስት አካፍሉት። አንድ ይቀራል።

ለአራት፣ ለአምስት፣ ለስድስት... እስከ አስራ ስድስት ድረስ ሂዱ። ሁልጊዜ አንድ ይቀራል።

ያ የሚቀረው አንድ፣ እኛ ዘንድ ሰው ነው።

የምሠራው የሸሚዝ ቁልፍ የሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ ነው። ዘንድሮ ዘጠኝ ዓመቴ። ሥራዬ ቆጣሪ ይባላል።

አዳራሹ መሃል አንድ ረጅም ጠረጴዛ አለ። በጠረጴዛው ጎን አስራ ስድስት በርጩማዎች ተደርድረዋል፤ በየበርጩማው ላይ ቁጥር ተጽፏል። አንደኛው ከማሽኑ ሥር ነው፣ አስራ ስድስተኛው ከበሩ አጠገብ። ማሽኑ የቀኑን ምርት ይቆጥርና ለሠራተኞቹ እኩል እያካፈለ በየሳፋው ይሞላል። እነሱ በከረጢት ያሽጋሉ። እኔ ጠዋት የሠራተኛውን ብዛት ማሽኑ ላይ እሞላና ጫፉ ላይ ቆሜ ቅጽ እሞላለሁ።

ከክፍፍሉ የተረፈ ካለ፣ ፊት ለፊቴ ባለችው የቆርቆሮ ሳህን ላይ ይወድቃል።

በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ወድቆ አያውቅም ነበር።

ምክንያቱም የቀኑ ምርት ሁልጊዜ 720,720 ነው። ፋብሪካውን የተከለው መሐንዲስ አስቦበት የመረጠው ቁጥር ነው ይባላል። ለአንድም፣ ለአስራ ስድስትም፣ በመሃል ላለውም ለማንኛውም ቁጥር እኩል ይካፈላል። አንድ ሰው ቢታመም ለአስራ አምስት፣ ሁለት ሰው ፈቃድ ቢወጣ ለአስራ አራት... ማንም ቢቀር ክፍፍሉ አይበላሽም። ሁለት መቶ አርባ አካፋይ አለው። ደግ ቁጥር ነው። የዚህን ያህል ደግ ሰው እንኳ አላጋጠመኝም።

አስራ ስድስተኛው በርጩማ ላይ የሚቀመጡት ሽማግሌ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እያሉ ነበር ሳፋቸውን የሚቀበሉት። ቀኑን ሙሉ ስለሚያፏጩ ጋሽ ፉጨት እንላቸዋለን። የሚያውቋት ዜማ አንዲት ብቻ ናት። እሷንም መሃል ላይ ይረሷትና ቆም ብለው እንደገና ከመጀመሪያዋ ይጀምራሉ።

አምስተኛው በርጩማ ላይ ታናሽ እህቴ ትቀመጣለች።

ፋብሪካው ውስጥ ያስገባኋት እኔ ነኝ። እናታችን ስታርፍ «አደራህን፣ ይቺን ልጅ» ብላኝ ነው ዓይኗን የከደነችው። ከእህቴ ሌላ በዚህ ምድር ላይ የኔ የምለው ሰው የለኝም።

ሌላው ሠራተኛ አይወደኝም። ሻይ ሲያስረዝሙ የምመዘግበው እኔ ነኛ! የሁሉም ካፖርት ላይ ቁጥር አለ፤ የኔ ላይ የለም። የዓመቱን ፎቶ ሲነሱም አይጠሩኝም። አንድ ጊዜ ለኃላፊያችን አቤት ብዬ ነበር።

«ቆጣሪ አይቆጠርም» አለችኝ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ስድብ ሲያምራቸው የሚሰድቡኝ በሱ ሆነ።

ኃላፊያችንን ማስመሪያ እንላታለን። ቀጥ ያለች ናት፤ ደግሞም ትመታለች።

ነገሩ የጀመረው ማስመሪያ ወረቀት ለመቆጠብ ብላ ሁለቱን ቅጾች አንድ ያደረገች ዕለት ነው።

ዱሮ ሁለት ነበሩ። አንዱ የምርት ነው፤ ጠቅላላ፣ ለስንት ተካፈለ፣ ለእያንዳንዱ ስንት ደረሰ፣ ቀሪ። ሁለተኛው የሰዓት መቆጣጠሪያ ነው፤ የሠራተኛ ብዛት፣ የተገኘ፣ ቀሪ።

«ሁለቱም ላይ ቀሪ የሚል አለ» አለችኝ አዲሱን ቅጽ እያወዛወዘች። «አንድ ነገር ለምን ሁለት ቦታ ይጻፋል?»

«አለቃ፣ ያኛው እኮ የቁልፍ ቀሪ ነው። ይኼኛው የሰው...»

«ቀሪ ቀሪ ነው! አትፈላሰፍብኝ።»

ለኔ ምን ገዶኝ፣ የሰጡኝን መሙላት ነው።

የዚያኑ ቀን ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ማሽኑ ቆመ...

ጠቅ።

ሳህኔ ላይ አንድ ቁልፍ ወደቀ።

ቀና ብዬ የማሽኑን ቁጥር አየሁ። 720,721 ይላል።

ቁልፉን አነሳሁት። የኛ ቁልፎች ነጭ ናቸው፤ አራት አራት ቀዳዳ አላቸው። ይኼም ነጭ ነው። ቀዳዳው ግን አንድ ብቻ ነው፤ ልክ መሃሉ ላይ።

ደግሞ ይሞቃል... ሰው ሲጨብጠው ቆይቶ አሁን የለቀቀው ይመስላል።

ቅጹ ላይ ጻፍኩ። ጠቅላላ 720,721። ሠራተኛ 16። ለእያንዳንዱ 45,045። ቀሪ 1።

ማስመሪያ ሳታነብ ፈረመች።

በማግስቱ ጠዋት አዳራሹ ስገባ አንድ ነገር ጎደለብኝ። ምን እንደሆነ ለማወቅ ትንሽ ቆምኩ።

ፉጨት የለም።

«ጋሽ ፉጨት የት ቀሩ?» አልኩ።

«ማን?» አለችኝ አስራ አምስተኛው በርጩማ ላይ የምትቀመጠው ወፍራም ሴትዮ። ድምቡሼ ነው የምንላት።

«ጋሽ ፉጨት ናቸዋ! ስድስት ዓመት ሙሉ አጠገብሽ የተቀመጡት!»

«አጠገቤ ያለው በሩ ነው» አለችኝ ወደ ጓደኞቿ እያጣቀሰች። «ሰውዬው በጠዋቱ ምን ቀምሶ ነው የመጣው?»

ሳቁብኝ።

ዞር ብዬ ቆጠርኩ። በርጩማዎቹ አስራ አምስት ናቸው። ጋሽ ፉጨት እግራቸውን እየጎተቱ የፋቁት ወለል እንኳ አዲስ ሆኗል።

ማኅደሩን አውጥቼ የትናንቱን ቅጽ አየሁ። በገዛ እጄ ጽሑፍ «ሠራተኛ 16» ይላል። ከሥሩም «ቀሪ 1» ይላል።

ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ... ጠቅ።

720,721። ሠራተኛ 15። ለእያንዳንዱ 48,048። ቀሪ 1።

በማግስቱ ድምቡሼ የለችም።

ያን ጊዜ ነው ላብ ያጠመቀኝ።

ያን ደግ ቁጥር አንድ ስትጨምሩበት ምን እንደሚሆን አሰባችሁት? ለሁሉም እኩል ይደርስ የነበረው፣ ከሁሉም ላይ አንድ ያስቀራል። አስራ አራት ብንሆን አንድ ይቀራል። አስራ ሦስት ብንሆን አንድ ይቀራል። ሁለት ብንሆን እንኳ አንድ ይቀራል። የሚያቆመው አንድ ሰው ብቻ ሲተርፍ ነው። ይኼ ቁጥር ሰው ይጠላል።

ጥፋቱ ደግሞ ከበሩ በኩል ተራ በተራ ነው የሚመጣው። በጣቴ ቆጠርኩ። አምስተኛው በርጩማ ላይ የሚደርሰው ከዚያ ዕለት በኋላ በዘጠነኛው ቀን ነው።

እህቴ ላይ።

ዘጠኝ ቀን ሙሉ ያልሞከርኩት የለም።

መጀመሪያ ቁልፉን ከሳህኑ አንስቼ መጸዳጃ ቤት ጣልኩትና ውሃ ለቀቅኩበት። ቅጹ ላይ «ቀሪ 0» ብዬ ጻፍኩ። ማስመሪያ ልትፈርም ብዕሯን አነሳች... አቆመች።

«ይኼ ምንድን ነው?»

በሁለት ጣቷ ይዛዋለች። ከሳህኑ ላይ ነው ያነሳችው። ውሃ እየተንጠባጠበበት ነው።

«አለቃ፣ እባክዎ ዜሮ ይበሉት። ስለ እግዚአብሔር...»

«ሌባ!» አለችኝ ሰው ሁሉ እየሰማ። «አንድ ቁልፍ ቀምተህ ልትከብር ነው? አስተካክል!»

እላዬ ላይ ቆማ አስተካከልኩ። እጄን በእጄ እንደቆረጥኩት ቁጠሩት።

በምሳ ሰዓት እህቴን ግቢው ጥግ ላይ ወሰድኳት።

«ስሚኝ» አልኳት በሹክሹክታ። «ሥራውን ልቀቂ። ዛሬውኑ።»

«ምን ሆነሃል ወንድምጋሼ?»

«አስራ ስድስት ነበርን። አሁን ስንት ነን?»

«አስራ አንድ። ዱሮም አስራ አንድ ነን።»

«ጋሽ ፉጨትስ? ድምቡሼስ?»

ትክ ብላ አየችኝ። ስታዝንልኝ አየኋት፤ ቀጥሎ ደግሞ ስትናደድብኝ።

«ሰው ሁሉ ጠላኝ እያልክ ቀኑን ሙሉ ስትብሰለሰል አእምሮህን ልትነካ ነው» አለች። «ለኔም ተረፈኝ እኮ! የቆጣሪው እህት እያሉ ነው የሚያሙኝ። እንጀራዬን አትንካብኝ።»

«እሺ ነገ ብቻ ቅሪ። አንድ ቀን ብቻ ከቤት...»

አፌን በእጄ ያዝኩ።

ቅሪ?

ከቤት ከቀረች ማስመሪያ ምን ብላ ነው የምታስጽፋት? ቀሪ። በገዛ አፌ ልሰጣት ነበር! አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚባለው እውነት ነው።

ሐቁን ልንገራችሁ፣ ከዚህ የባሰም አስቤያለሁ። አንደኛው በርጩማ ላይ የምትቀመጠውን ሴትዮ፣ የሦስት ልጆች እናት ናት፣ ከእህቴ ጋር ቦታ እንድትለዋወጥ ለምኛታለሁ። ምን ላይ እንደማስቀምጣት እያወቅኩ ነው የለመንኳት። እምቢ አለች። አሁንም ድረስ አላፍርም፤ እህቴ ትትረፍልኝ እንጂ ስለ ሌላው ግድ አልነበረኝም።

አስር ሆኑ። ዘጠኝ ሆኑ። ስምንት... ሰባት...

ስድስት ላይ ተራው የእህቴ የልብ ጓደኛ ሆነ። ሰባት ዓመት አንድ ሳህን ላይ የበሉ ልጆች ናቸው። ጠዋት ላይ በርጩማው የለም። እህቴ ፀጉሯን የያዘችበት ቢጫ ማስያዣ ግን አለ፤ ጓደኛዋ ናት የሰጠቻት።

«ይኼን ማን ሰጠሽ?» አልኳት።

ማስያዣውን አውልቃ አገላብጣ አየችው። ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ።

«ምን አውቄ» አለች። «እኔ እንጃ... ለምንድን ነው የምታስለቅሰኝ?»

የዚያን ቀን አምስት ናቸው። ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ የእህቴ ተራ ነው።

ያን ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ ነበር ሐሳቡ የመጣልኝ። ማሽኑ ሰው አያይም፤ የሚያየው ቁጥር ነው። ያንን ቁጥር ደግሞ በየጠዋቱ የምሞላለት እኔ ነኝ። አንድ ብዬ ብሞላ ምንም አይቀርም... ግን አንድ ሰው ብቻ ይኖራል፤ ያቺም እህቴ አይደለችም። ከአስራ ስድስት በላይ ግን ሄጄ አላውቅም ነበር።

ስልኬን አውጥቼ ማካፈል ጀመርኩ።

ለአስራ ሰባት። ስድስት ይቀራል። ያሉት ሰዎች አምስት ናቸው፣ ስድስት ይቀራል!

ለአስራ ስምንት። አንድ ይቀራል። ለአስራ ዘጠኝ። አስራ ሦስት ይቀራል።

ለሠላሳ ሰባት። ሠላሳ አምስት ይቀራል... እንኳንስ ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ!

አጠገቤ ያለው ሰው ክርኑን ጎኔ ላይ ተክሎ ይገፋኛል፣ አልሰማሁትም። ስድሳ ስምንት ላይ ደረስኩ። ሃምሳ ሰባት ይቀራል። ስድሳ ዘጠኝ። አስራ ስድስት ይቀራል። ሰባ። አንድ ይቀራል።

ሰባ አንድ...

ደግሜ አካፈልኩ። ሰባ አንድ ጊዜ 10,151። ምንም አይቀርም።

አውቶቡሱ ውስጥ ጮህኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ማሽኑ ላይ 71 ብዬ ሞላሁ።

ያሉን ሳፋዎች አስራ ስድስት ናቸው። አስራ ስድስቱን ሞላ... አስራ ሰባተኛውንም ሞላ። ከየት እንደመጣ አላየሁም። ሃያኛው አለፈ። ሠላሳኛው አለፈ። አርባኛው ላይ መቁጠር አቆምኩ። በሥራዬ ላይ ሆኜ መቁጠር ያቆምኩት በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የዚያን ቀን ብቻ ነው።

ስምንት ሰዓት ከሩብ። ማሽኑ ቆመ።

ጠበቅኩ...

ሳህኗ ባዶ ነች። እንባዬ መጣ።

ማስመሪያ ቅጹን ተቀበለችኝ። «ሰባ አንድ?» አለች። ልትሰድበኝ አፏን ከፈተች... በትከሻዬ በኩል አሻግራ ወደ አዳራሹ አየች።

አፏ እንደተከፈተ ቀረ። ፊቷ አመድ መሰለ።

ከኋላዬ በርጩማዎች ሲጎተቱ ሰማሁ። አንድ አይደለም፣ ሁለት አይደለም... ብዙ።

ቀስ እያለ ፊቷ ላይ የነበረው ፍርሃት ጠፋ። ምንም እንዳላየች ሆነች።

«ሰባ አንድ» አለች፤ ፈረመች።

«ወንድምጋሼ...» አለች እህቴ ከጠረጴዛው፣ ድምጿ እየተሰበረ።

«አቤት?»

«ከጎኔ የተቀመጠው... አይተነፍስም።»

በማግስቱ እህቴ ረስታዋለች። «ዱሮም ሰባ አንድ ነን፤ ደግሞ ጀመረህ?» ብላ ተቆጣችኝ።

ከሰባ አንዱ የማውቃቸው አምስቱን ነው። ስድሳ ስድስቱን አላውቃቸውም። የጠፉት አስራ አንዱ ይሆናሉ ብዬ አንድ በአንድ ዞሬ አየኋቸው፤ ጋሽ ፉጨትም ድምቡሼም የሉም። ፊታቸው ምን እንደሚመስል ብትጠይቁኝ አልነግራችሁም። ሳያቸው አያቸዋለሁ፣ ዓይኔን ሳነሳ ትዝ አይሉኝም። ሥራቸውን አያዩም፤ እጃቸው ብቻ ነው የሚሠራው። ምሳ ሲደወል አይነሱም። የሁሉም ካፖርት አንገቱ ላይ ባለ አንድ ቀዳዳ ነጭ ቁልፍ አለ። ክር የለውም።

ቢሆንም እህቴ አለች። ማታ ማታ አብራኝ ትበላለች፣ በሆነ ባልሆነው ትቆጣኛለች። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ደስ ብሎኝ ኖርኩ። በነዚያ በጠፉት ሰዎች ላይ ቆሜ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ።

ዛሬ ጠዋት ማስመሪያ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። ፈገግ ብላለች። ፈገግ ስትል አይቻት አላውቅም።

«እንኳን ደስ አለህ!» አለችኝ። «ስንት ዓመት አቤት ስትል ኖረህ የለ? ከዛሬ ጀምሮ ቆጣሪም ይቆጠራል።»

ካፖርት ዘረጋችልኝ። ደረቱ ላይ ቁጥር ተጽፏል።

72።

ከበሩ አጠገብ፣ ከሰባ አንደኛው ቀጥሎ፣ አዲስ በርጩማ ተቀምጧል።

ስድሳ ስድስቱ አጨበጨቡ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሁሉም እኩል... ጧ!

ማስላት አላስፈለገኝም። ሰባ ሁለት ጊዜ 10,010፣ 720,720 ነው። ያቺ አንዷ ቁልፍ ትተርፋለች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ማሽኑን በገዛ እጇ ሞልታ ከጎኑ ቆመች። ልጠጋው ስል «ቦታህ ያ ነው» አለችኝ ወደ በርጩማው እየጠቆመች።

«ሽሽ» ትሉኝ ይሆናል። ብሸሽ ቀሪ ነኝ። ብቀመጥም ቀሪ ነኝ።

ሌላ አካፋይ ፈልግ ትሉኝም ይሆናል። ፈልጌያለሁ። 720,720 ሁለት መቶ አርባ አካፋይ ነበረው አላልኳችሁም? አንድ ሲጨመርበት አራት ብቻ ነው የቀረው። አንድ፣ ሰባ አንድ፣ 10,151 እና ራሱ። ስድሳ ስድስቱ ምን እንደሆኑ ካየሁ በኋላ አስር ሺህ አልጠራም።

አንድ ነገር ብቻ ያጽናናኛል። እኔ ስቀር እንደገና ሰባ አንድ ይሆናሉ። ለሰባ አንድ ደግሞ ምንም አይቀርም። እህቴን ከዛሬ በኋላ ምንም አይነካትም።

ማን መካከል እንደምትቀመጥ ሳስብ ግን ሆዴ ይባባል።

እንግዲህ የጻፍኩላችሁ ለዚህ ነው። አንድ ቀን የሸሚዝ ቁልፍ የምታሽግ፣ ቢጫ የፀጉር ማስያዣ ያላት፣ ስትናደድ ከንፈሯ የሚንቀጠቀጥ ልጅ ካጋጠመቻችሁ... «ወንድም ነበረሽ» በሏት። አታምናችሁም። ቢሆንም በሏት።

ስምንት ሰዓት ከአስራ አራት።

የማሽኑ ድምፅ እየቀነሰ ነው...

ቆመ።

ጠቅ።

እዚህ ድረስ ተሰማኝ።

...

ይኸው አሁንም እየጻፍኩ ነው። ምንም አልሆንኩም። እጄም እጄ ነው፣ ስልኩም ስልኬ ነው። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል። ምናልባት...

ኮቴ እየሰማሁ ነው። ይኼን ኮቴ አውቀዋለሁ፤ ግራ እግሯን ትንሽ ትጎትታለች። እህቴ ናት!

በሩ ተንኳኳ።

«ማን አለ እዚያ?»

«እኔ ነኝ» አልኩ በሹክሹክታ። «ግቢ... ቶሎ በይ።»

እጀታው ተንቀጫቀጨ።

«ይቅርታ ጌታዬ» አለች። «እርስዎ ማን ነዎት?»

አፏን ከፈታችበት ጊዜ ጀምሮ አንድም ቀን እርስዎ ብላኝ አታውቅም።

«ወንድምሽ ነኝ!» አልኩ። ጮህኩ መሰለኝ። «ወንድምጋሼ ነኝ!»

በሩ ተከፈተ። እህቴ አንገቷን አስገብታ ግራና ቀኝ አየች። እኔ የተቀመጥኩበትን አየች። ከኔ አልፋ ግድግዳውን አየች።

«ማንም የለም» አለች ወደ አዳራሹ ዞራ።

የበሩን ቁልፍ ከውጪ አዞረችው። ኮቴዋ ራቀ...

አሁን ጸጥ ብሏል።

አይ፣ ጸጥ አላለም። ሰው ያፏጫል።

ያቺ ዜማ ናት። መሃል ላይ ስትደርስ ቆም አለች... እንደገና ከመጀመሪያዋ ጀመረች።

የሚያፏጨው ግን ከበሩ ውጪ አይደለም። እዚሁ ከኋላዬ፣ ከካርቶኖቹ መሃል ነው።